የዕንባቆም አንገት

ዕንባቆም በሞተ ጊዜ አንገቱን ማቅናት አልተቻለም። ገናዦቹ በጀርባው ቢያስተኙት ራሱ ከመሬት ርቆ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በደረቱ ማስተኛት ነውር ሆነባቸው፤ በመጨረሻ በጎኑ አጋድመው፥ ጉልበቱን አጥፈው፥ ከነጉብጠቱ ገነዙት። በዕድሜው ገና ጎልማሳ ነበር፤ በሽታውም ተቀምጦ ከመጻፍ በቀር ሌላ ስም አልነበረውም።

አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅ ሥጋ የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። ዘማች በጦር፥ ገበሬ በሞፈር፥ ነጋዴ በበረሃ ንዳድ ይጎዳል፤ የእነዚህ ሁሉ ጉዳት የታወቀና የተመሰከረ ስለ ሆነ የሚያዝንላቸው፥ የሚያስታምማቸው፥ ሲሞቱም የሚያለቅስላቸው አያጡም። ነገር ግን በጥላ ሥር ተቀምጦ፥ ከብዕር የከበደ ዕቃ ሳያነሣ፥ ከዕለት ወደ ዕለት በጸጥታ የሚሰበር ሰው አለ፤ ሕመሙ ቁስል የለውም፥ ደም የለውም፥ ድምፅም የለውም፤ ጠላቱ የተቀመጠበት አጎዛ፥ ወጥመዱም የገዛ ትጋቱ ነው። ስለ እንዲህ ያለ ሰው የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ጸሐፊው ራሱ እርሱ ስለ ሆነ፥ ስለ ራሱም መጻፍ ስላልተማረ።

ደብረ ከርቤ በዓባይ ገደል አፋፍ የተተከለ ደብር ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱም ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ የተሠራ፥ ብርሃን በአንድ በር ብቻ የሚገባበት፥ ጣራው ዝቅ ያለ ረጅም የድንጋይ ቤት ነበር። በዚያ ቤት የመጻፊያ ገበታ የሚባል ነገር አይታወቅም። ጸሐፊ በበግ አጎዛ ላይ ይቀመጣል፥ ቀኝ ጉልበቱን ያነሣል፥ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ያነጥፋል፥ ቀለም የሞላበትን ቀንድ ከጎኑ መሬት ላይ ይተክላል፤ ከዚያም አገጩ ደረቱን እስኪነካ አጎንብሶ፥ ፀሐይ ከበሩ እስክትሸሽ ድረስ ቀና አይልም። ይህ አቀማመጥ ከአባቶች የተወረሰ በመሆኑ እንደ ትሕትና እንጂ እንደ ድካም አይቆጠርም ነበር። የመምህራችን የየኔታ ጽጌ ጀርባ እንደ ቀስት የተለመጠ ነበርና ከቅዳሴ ሲወጡ ሴቶች መስቀል እንደሚሳለሙ ሁሉ ትከሻቸውን ይሳለሙ ነበር። ከእኛም አንዱ ወገቤን አመመኝ ያለ እንደ ሆነ፥ "እንግዲህ ጽሕፈት ገባህ" ብለው የኔታ ይመርቁት ነበር። በዚህም ምክንያት ሕመም በዚያ ቤት የሚመረቅ ነገር ሆነ፤ የተመረቀን ሕመም ደግሞ የሚያክም የለም።

ከየኔታ ሥር ሦስት ነበርን። እኔ ገላው እባላለሁ፤ እናቴንና አባቴን በአንድ ክረምት አጥቼ፥ በየደጁ ቁራሽ እየለመንሁ ፊደል ቆጠርሁ፤ ከዚህ በላይ ስለ ልጅነቴ መናገር አልወድም። እጄ ለጽሕፈት አልተባረከም፤ ፊደሎቼ እርስ በርስ የተጣሉ ይመስላሉ። ስለዚህ የኔታ ቆዳውን ሰጡኝ፤ የፍየሉን ሌጦ በእንጨት ላይ ወጥሬ፥ ቆሜ ስፍቅና ሳለሰልስ ከቤቱ ጀርባ እውል ነበር። ሁለተኛው ቢያድግልኝ ይባላል፤ ቀይ ቀለም የሚጥል፥ የገጽ ጌጥ የሆነውን ሐረግ የሚስል፥ አፉ ከእጁ የፈጠነ ሰው ነበር። ሦስተኛው ዕንባቆም ነው፤ እጀ መልካም፥ ልበ ትሑት፥ ፊደሉም እንደ ማኅሌት ሊቃውንት ቀጥ ብሎ ተሰልፎ የሚቆምለት ጸሐፊ።

"ፊደሉን አቁመህ አንተ ትጎብጣለህ፤ ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" ይለው ነበር ቢያድግልኝ።

"ያዘንኸው ለፊደሉ ነው ወይስ ለእኔ?" ይላል ዕንባቆም ቀና ሳይል።

"ለራሴ ነው እንጂ። አንተን ሳይ እኔንም ያመኛል። ያንን ፋቂ እየው፥ እንደ ዋርካ ቀጥ ብሏል፤ የሚሸት ዋርካ ግን አይቼ አላውቅም።"

እኔም ሰምቼ ቆዳዬን መፋቅ እቀጥል ነበር፤ ሽታው እውነት ነበረና።

በዚያ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚኖሩ ወይዘሮ አትጠገብ የተባሉ ባለርስት ለአባታቸው መታሰቢያ ታላቅ የገድል መጽሐፍ ሊያጽፉ ፈቀዱ። በበቅሎ መጥተው፥ ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ጥላ ተይዞላቸው ቆመው፥ ለየኔታ እንዲህ አሏቸው፤ "አባቴ፥ መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ እጅ ይጻፍልኝ። እጅ የተለዋወጠበት መጽሐፍ አይቻለሁ፤ የተጣፈ ነጠላ ይመስላል። ክረምት ገብቶ ዓባይ ሳይሞላ ደግሞ ይድረስልኝ።" የኔታ ወደ ዕንባቆም አመለከቱና፥ "እጁ ይኸው፥ እመቤቴ። የእኔ ዓይን ደክሟል፤ ከእኔ በኋላ በመምህርነት ወንበሬ የሚቀመጠው እርሱ ነው። መጽሐፍዎን የጨረሰ ዕለት በጉባኤ ፊት አስቀምጠዋለሁ" ብለው መለሱ። ዕንባቆም የየኔታን ጉልበት ሳመ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእርሱ ነገር ሁሉ ብዕር በሚይዙት ጣቶቹ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከጽሕፈት በቀር የሚያውቀው ሙያ፥ ከዚያ ቤት በቀር የሚመለስበት ደጅ አልነበረውምና።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ጥፋቱ የመጣው ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ ነው። የኔታ ወደ ደብሩ አለቃ ሄደው ለዕንባቆም ፈቃድ ለመኑለት፤ የሚጽፍ ሰው እንደሚጸልይ ይቆጠራልና ማኅሌት ከመቆም፥ ከዐቢይ ጾም ስግደት፥ ውኃ ከመቅዳትና እንጨት ከመልቀም ነጻ ይውጣ ብለው። ፈቃዱም ተሰጠ። በአጎዛው ላይ ሌላ አጎዛ ተደረበለት፤ ምሳው ካለበት ድረስ መጣለት፤ ቀንዱን ቢያድግልኝ ይሞላለት ጀመር። እንዲህ እየከበረ ከመቀመጫው የሚያስነሣው ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ተወሰደለት። ወገቡንና አንገቱን እስከዚያ ድረስ ያቆዩለት እነዚያ አድካሚ ሥራዎች እንደ ነበሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ እርሱም ቢሆን አላወቀም፥ እጅ ነሥቶ ተቀበለ እንጂ።

ጾሙ ሳይጋመስ ሕመሙ ጀመረ። በመጀመሪያ ከማጅራቱ ሥር የጋለ ችንካር የተተከለ ያህል ይጠዘጥዘው ነበር፤ ቀጥሎ ትከሻው እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ከዚያም ጥዝጣዜው በክንዱ ወርዶ ጣቶቹን አደነዘዘ። ወጌሻ ተጠርቶ በለጋ ቅቤ አሸው፤ በትከሻው ላይ ዋግምት ተደረገለት፤ የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ በማጅራቱ ላይ ተያዘለት። እያንዳንዱ ጥቂት ቀን አሳረፈው፤ ሲታሽ የላላው ግን ሲቀመጥ ይጠብቃል፥ በሙቀት የተፈታውም በጉብጠት ይታሰራል። ጠበል ቢወስዱት ቀዝቃዛው ውኃ ጡንቻውን አኮማትሮ መለሰው። ዕንባቆም አያማርርም ነበር፤ ነገር ግን ብዕሩን ሲይዝ መያዙን በዓይኑ ማረጋገጥ እንደ ጀመረ እኔ አየሁ።

ስቅለት ደረሰ። በዚያ ቀን ፈቃድ ያለውም ፈቃድ የሌለውም ከስግደት አይቀርም። ዕንባቆምም ከሕዝቡ ጋር ከጠዋት እስከ ሠርክ ወደቀ፥ ተነሣ፤ ወደቀ፥ ተነሣ። በበነጋው በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጤማ ሲያድሉ እርሱ ግን ወደ እኔ መጣና ብዕሩን ዘረጋልኝ።

"ገላው፥ እስቲ ይኼን ከእጄ ቀማኝ።"

ሳብሁ፤ አልለቀቀም። እንደገና ሳብሁ፤ ሳቀ።

"ትናንት ጠዋት መያዜንም አላውቅም ነበር። ዛሬ ይቆረቁረኛል።"

ቢያድግልኝ ቄጤማውን በራሱ ዙሪያ አስሮ በአጎዛ ላይ ተጋድሞ ነበር። "አንተን ስግደቱ አዳነህ፥ እኔን ገደለኝ" አለ። "ጭኔ የተበደርሁት ነው የሚመስለኝ። ለመሆኑ መቼ ነው የታመምኸው?"

"ፈቃድ የተሰጠኝ ሰሞን" አለ ዕንባቆም። ከዚያም፥ እንደ ለመደው በዝግታ፥ ነገሩን ዘርዝሮ ነገረን። አንድ ዓምድ በጨረሰ ቁጥር መነሣት፤ ትከሻውን ወደ ኋላ ስቦ ደረቱን መክፈት፤ ዓይኑን ከብራናው አላቅቆ ከዓባይ ማዶ ያለውን ተራራ ማየት፤ ከዚያም እንደ ሰጋጅ ወርዶ መነሣት። "እንዲህ ካደረግሁ መጽሐፉን እጨርሳለሁ፤ ያለዚያ እጄ ይሞታል" አለ። ይህ ቃል እውነት ነበር፤ ከዚያ በኋላም የተሻለ ነገር ከማንም አልሰማሁም።

ነገር ግን በማግሥቱ ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ስግደት እንደሌለ አንባቢ ያውቃል፤ የትንሣኤ ደስታ ስለ ሆነ ጉልበት አይንበረከክበትም። ዕንባቆም ይህን ሊተላለፍ አልፈለገምና ወደ የኔታ ገባ፤ እኔም ተከትዬ በበሩ ቆምሁ። ነገሩን ሁሉ ካስረዳቸው በኋላ የኔታ መልሰው ጠየቁት።

"ልጄ፥ ስግደት ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለማጅራት?"

"ለእግዚአብሔር ነው፥ የኔታ።"

"ለማጅራትህ የሰገድኸውን እንግዲህ ምን ብለን እንጥራው?"

"ስም አይስጡት፥ የኔታ። ዝም ብዬ ጎንበስ ቀና ልበል።"

"የሚያይህ ሰው ልብህን አያይም፤ ሃምሳውን ሻረ ይልሃል። ታገሥ። እኔስ በዚህ ወገብ ስንት ዘመን ኖርሁ?"

ዕንባቆም ተሳልሞ ወጣ። ቢያድግልኝ ይህን በሰማ ጊዜ፥ "ሌላ መንገድ ጠፍቶህ ነው እንዴ ለየኔታ የምትናገረው? ከቤቱ ጀርባ ገላው ቆዳ ከሚፍቅበት ሂድ። የዚያን ሽታ ጥሶ ማን ይመጣል?" አለው። እርሱም የቢያድግልኝን ምክር ሰማ። በየዓምዱ መጨረሻ በተወጠረው ቆዳ ከለላ ይቆማል፥ ክንዱን ይዘረጋል፥ ወደ መሬት ወርዶ ይነሣል። በዚያ ሰሞን ፊደሉ ወደ ቀድሞው ውበቱ ተመለሰ፤ እኔም ይድናል ብዬ አምኜ ነበር።

የደብሩ ገበዝ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁት ሹም፥ ለከበሮ የሚሆን ጠፍር ሊያዙኝ ድንገት ዞረው መጡና ዕንባቆምን ግንባሩ ከመሬት ደርሶ አገኙት። ጠፍሩንም ሳያዙ ተመለሱ። በማግሥቱ በደጀ ሰላም ካህናቱ ተሰብስበው ጠሩት።

"ጌታ በተነሣበት ወራት ታዝናለህ አሉ" አሉ ገበዙ።

"አላዘንሁም፥ አባቴ። አልሰገድሁምም፤ አንገቴን አሞኝ ነው።"

"አንገቱን ያመመው ሰው ግንባሩን ከመሬት ምን ያደርሰዋል?"

ከካህናቱ አንዳንዶቹ ሳቁ። ዕንባቆም ሊያስረዳ ጀመረ፤ ስለ ዓምዱ፥ ስለ ትከሻው፥ ስለ ጣቶቹ። ባስረዳ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ነውር እየመሰለ ሄደ፤ ስግደትን ለሥጋ መድኃኒት አደረገው ተባለ። ገበዙ ከማኅበር ይለይ ሲሉ የኔታ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡና ስለ እርሱ ዋስ ሆኑ። "ልጁን እኔ እይዘዋለሁ" አሉ። ከዚያም በሁሉ ፊት፥ ሊያድኑት ፈልገው፥ ገዘቱት፤ ለጸሎትና ለማዕድ ካልሆነ መጽሐፉ እስኪያልቅ ድረስ ከአጎዛው እንዳይነሣ፥ ከጽሕፈት ቤቱም ጀርባ እንዳይታይ። ዕንባቆም የግዝቱን ቃል ሰምቶ መሬት ሳመ። ግዝት ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር የለም።

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ያረጀ አትሮንስ ተውሼ፥ እግሩን በድንጋይ ከፍ አድርጌ፥ ብራናው ከደረቱ ትይዩ እንዲሆን አቆምሁለት። አንገቱ ሳይጎብጥ ተቀምጦ መጻፍ ቻለ፤ ግዝቱም አልተነካም። ቀለሙ ግን ባዘቀዘቀው ብራና ላይ ወደ ታች ፈሰሰ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉልበቱን የለመደ እጁም በእንጨቱ ላይ ባዕድ ሆነ፥ ፊደሎቹ ወደ ጎን ዘነበሉ። የኔታ ገጹን ወደ በሩ ወስደው በደከመ ዓይናቸው መረመሩት።

"ይህ የሌላ ሰው እጅ ነው" አሉ።

"የእኔው ነው፥ የኔታ። እንድለምደው ጥቂት ቀን ይስጡኝ።"

"ወንዙ ቀን አይሰጠንም። ወይዘሮዋ አንድ እጅ ብለዋል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

አትሮንሱን መለስሁ። ዕንባቆም ጉልበቱን አነሣ፥ ብራናውን አነጠፈ፥ አጎነበሰ።

የዚያ ሃምሳ ቀን መዓት ሊዘረዘር የሚገባው አይመስለኝም። ዓምድ በዓምድ ላይ ተጨመረ፥ ፊደሉም እያማረ ሄደ፤ ሕመሙ ሁሉ ወደ ሰውየው ሲሰደድ ውበቱ ሁሉ ወደ ብራናው የተሻገረ ይመስል ነበር። ቢያድግልኝ ቀልዱን ተወ። ምሽት ላይ ተራ በተራ ማጅራቱን በቅቤ እናሽለት ነበር፤ ከእጃችን በታች ያለው ሥጋ ግን ሥጋ መሆኑ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። አንሥቼ ሰጠሁት፤ ደግሞ ወደቀ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በክር አስረን ብዕሩን ብናቆምለት ጥቂት መስመር ጻፈ፤ ከዚያ ክርኑም አልታዘዝ አለ። ጰራቅሊጦስ ሲደርስ ስግደት ተፈቀደ። ዕንባቆምም ከምእመናን ጋር ወደቀ፤ አልተነሣም። በብብቱ ይዤ አነሣሁት፤ እግሩ ቆመ፥ አንገቱ ግን እንደ ወረደ ቀረ።

መጽሐፉ ጥቂት ጥራዝ ይቀረው ነበር። የኔታ ፊደል ለይተው ማየት አልቻሉም። ቢያድግልኝን ጨርስ ቢሉት፥ "እኔ እጄን ከዚያ ብራና ላይ አላሳርፍም፥ የኔታ፤ ይቅር ይበሉኝ" ብሎ ቀለሙን ደፋና ወደ መተማ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ሄደ፤ ተመልሶ አልመጣም። ስለዚህ የቀረውን ያ የተጣላው ፊደሌ ጨረሰው። ወይዘሮ አትጠገብ ወንዙ ሳይሞላ መጡ። መጽሐፉ በሐር ተጠቅልሎ ቀረበላቸው። ተቀብለው ሳሙት፥ ግንባራቸውን አስነኩት፥ ሳይገልጡትም ለተሸካሚው ሰጡት። ንባብ አልተማሩም ነበር። የኔታ ይህን ሰሙ፤ ወንበሩንም ለማንም ሳይሰጡ በዚያው ክረምት ዐረፉ። ግዝቱን ፈትተውለት ነበር፤ የሚፈታ ነገር ግን አልቀረም።

ዕንባቆም ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት በጽሕፈት ቤቱ ጥግ ኖረ። የሰው ፊት ማየት አይችልም ነበርና የሚመጣውን ሁሉ በእግሩ ይለይ ነበር፤ ማን እንደ ከሳ፥ ማን እንዳዘነ በተረከዙ ያውቃል። እኔ አጎርሰው ነበር፤ ነጠላውንም አጣፋለት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፥ ሰው ሳይኖር፥ "ገላው፥ ያ ነገር ትክክል ነበር አይደል? በየዓምዱ መነሣቱ?" ብሎ ጠየቀኝ። ትክክል ነበር አልሁት። "እኔም እንደዚያ ይመስለኛል" አለ።

ሌላ ጸሐፊ ስለ ታጣ ካህናቱ የየኔታን ወንበር ለእኔ ሰጡኝ። በኋላ ለመጡት ተማሪዎች ሁሉ በየዓምዱ መጨረሻ ተነሡ፥ ትከሻችሁን ሳቡ፥ ማዶ እዩ እላቸዋለሁ። ፊታቸው ስሆን ይነሣሉ፤ ዞር ስል ይቀመጣሉ፤ ሊመሰገኑ ይፈልጋሉና ከሁሉ ይልቅ የጎበጠው ትጉ ይባላል፥ ሴቶችም ከቅዳሴ ሲወጡ ትከሻውን መሳለም ይጀምራሉ። አልቆጣም፤ የተከበረ ሕመም ከምክር ይበረታልና። የኔታ በመቃብር፥ ዕንባቆም በመቃብር፥ ቢያድግልኝ በማላውቀው አገር ነው። ከአራታችን እጁ ያልተመሰገነው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።